«እንግዳ ተቀባዮች ነን» የምንለው በማን ሌማት ነው?

ስለ ራሳችን ስናወራ ሳንጠቅሰው የማናልፈው አንድ ቃል አለ፤ «እንግዳ ተቀባይ» የሚለው። ባለሥልጣኑ ጉባኤ ሲከፍት ይለዋል። ዘፋኙ አገሩን ሲያወድስ ይለዋል። የጉዞ ድርጅቱ ፈረንጅ ለመጥራት በሚያሳትመው በራሪ ወረቀት ላይ ይለዋል። ውጭ አገር የሚኖረው ወገናችንም ልጆቹ ባህላቸውን እንዳይረሱ ሲመክር ከዚሁ ቃል ይጀምራል። ቃሉን እኔም አልጠላውም፤ እውነትነቱንም አልክድም። የሚከነክነኝ ሌላ ነገር ነው። ቃሉን በየመድረኩ የሚናገረውና እንግዳውን በእውነት የሚቀበለው አንድ ሰው አይደሉም። ተናጋሪው ከተሜ ነው፤ ተቀባዩ ባላገር ነው። ተናጋሪው አብዛኛውን ጊዜ ወንድ ነው፤ ደክማ የምታስተናግደው ግን ሴት ናት። ምስጋናውን የምትወስደው «አገሪቱ» ናት፤ ዶሮዋን የምታጣው ስሟ የማይነሣ አንዲት እናት ናት።

ስለዚህ ዛሬ ልናገር የፈለግሁት ለብዙ ሰው ጆሮ የማይጥም ነገር ነው። ገንዘብ ያለውና በገዛ ጉዳዩ የመጣ እንግዳ በገበሬ ቤት ሲያድር ይክፈል እላለሁ። ክፍያውም ለደከመችው ይድረስ እላለሁ። «ይህማ የአባቶቻችንን ባህል ለገበያ ማውጣት ነው» የሚሉኝ እንዳሉ አውቃለሁ፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ወዳጆቼ ናቸው። እኔ ደግሞ ባህሉን የሚገድለው አለመክፈላችን ነው ብዬ እከራከራለሁ።

ነገሬን ከማውቀው ቦታ ልጀምር። በ2011 ዓ.ም. ጥር ወር የሠርግና የለቅሶ ቃል ግጥም ለመሰብሰብ ወደ ደቡብ ጎንደር ተጉዤ፣ ከእስቴ ወረዳ ዋና ከተማ ከመካነ ኢየሱስ የሁለት ሰዓት ያህል የእግር መንገድ በምትርቅ መንደር በአንድ ገበሬ ቤት ሦስት ሳምንት ሰንብቻለሁ። አገሩ ደጋ ነው፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ የሚወርደው ብርድ ሌሊት አጥንት ይሰብራል። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ ከመጋረጃው ወዲያ ጓዳ አለ። አልጋ የሚባል አንድ ጠፍር አልጋ ብቻ ሲሆን እሱም የባልና የሚስቱ ነው። እንግዳ የመጣ ለታ ግን አልጋው የእንግዳው ይሆናል፤ ባልና ሚስት መደብ ላይ፣ ልጆች ቁርበት ላይ ይወርዳሉ። መደቡ ይበቃኛል ብዬ ስለምን አባወራው «ኧረ ምን ሲደረግ! ጌታው መደብ ላይ አድረው እኛ አልጋ ላይ? አገር ምን ይለናል?» ብለው ቆጣ አሉ። ከዚያ በኋላ ክርክር የለም።

የግጥም ደብተሬን ከኋላ ገልብጬ የዚያን ቤት ሒሳብ እመዘግብ ጀመር። የመጀመሪያው ማታ እንቁላል ትጥል የነበረች ዶሮ ታረደች። ያች ዶሮ ለከተማ ሰው ወጥ ናት፤ ለዚያ ቤት ግን የእመቤቲቱ ቦርሳ ናት። እንቁላሏ በገበያ ቀን እየወጣ ጨው፣ ሳሙናና የልጅ ደብተር ይሆናል። በቀን ሁለት ጀሪካን ይበቃ የነበረው ውሃ አራት ሆነ፤ ምንጩ ቁልቁለት ነው፤ ሲመለሱ ዳገት ነው። ለእንግዳ ተብሎ ጤፍ ተለይቶ ወፍጮ ቤት ሄደ፤ ቤተሰቡ ከዚያ በፊት ይበላ የነበረው ገብስ የተቀላቀለበት ነበር። ጠላ ተጠመቀ። እመቤቲቱ ከሁሉ ቀድማ ትነሣለች፤ ከሁሉ ኋላ ትተኛለች፤ ገበታ ላይ አብራን ስትቀመጥ አንድም ቀን አላየሁም። ስድስተኛ ክፍል የምትማረው ልጃቸው ማታ ማታ ለብ ባለ ውሃ እግሬን ልታጥብ ገበታዋን ይዛ ትመጣለች። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ቀን ከትምህርት ቤት ቀርታ ጠላውን ለማድረስ እናቷን አግዛለች።

ይህን የምዘረዝረው አስተናጋጆቼን ለማማት አይደለም። ከእነሱ የበለጠ ፊቱ የተፈታ ሰው አላየሁም፤ «ከፍትፍቱ ፊቱ» የሚለውን ተረት በዓይኔ ያየሁት እዚያ ነው። የምዘረዝረው እኛ «ባህላችን ነው» ብለን በአንድ ቃል የምናልፈው ነገር ክብደት፣ ሰዓትና ዋጋ እንዳለው ለማሳየት ነው። ከመነሣቴ በፊት ከተማ ውስጥ ለማደሪያና ለምግብ አወጣው የነበረውን ያህል ብር ቀድሞውንም ለይቼ ነበርና አባወራው ባሉበት ለእመቤቲቱ ሰጠሁ። አባወራው «ጌታው፣ ቤቴን ሆቴል አደረጉት እኮ!» አሉ። እኔም «እታለም፣ ይህ የቤቱ ዋጋ አይደለም፤ የዶሮዋና የልጂቱ ደብተር ነው» አልኳቸው። ሴትዮዋ ቀስ ብለው «ብቀበል ሰው ያማኛል፤ ባልቀበል ደግሞ ጨዉ ማለቁ አይቀር» አሉኝ፤ ተቀበሉኝም። የክርክሩ ፍሬ በዚያች አንዲት ንግግር ውስጥ አለ ብል አላጋነንኩም። እኛ የምንሰማው የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው።

የባህል ተከራካሪዎች ወደ አብርሃም ይወስዱናል። እንሂድ። የአብርሃም እንግድነት በክርስቲያኑም በእስላሙም ዘንድ የተከበረ ታሪክ ነው፤ በየቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳም ተሥሎ እናየዋለን። ነገር ግን ኦሪት ዘፍጥረትን ገልጦ ላነበበ ሰው የሥራው ድልድል ግልጽ ነው። አብርሃም እየሮጠ ወደ ድንኳኑ ይገባና ሣራን ሦስት መስፈሪያ ዱቄት ለውሳ እንጎቻ እንድትጋግር ያዛታል፤ ጥጃውንም ለብላቴናው ሰጥቶ ያዘጋጃል። ምስጋናው «የአብርሃም ቤት» ተብሎ ቀረ። የሣራ እጅ ሊጥ ውስጥ እንደነበረ፣ ብላቴናውም ጥጃ ሲገፍ እንደዋለ ሰባኪ ሁሉ አያነሣውም። መጽሐፉ እንኳ ያልደበቀውን እኛ ደበቅነው።

ደግሞስ እንግዳ ተቀባይነታችን ሁልጊዜ በፈቃድ ነበር ወይ? ታሪክ እንዲህ አይልም። በቀድሞው ሥርዓት ወታደር በገበሬ ቤት ይሰራ ነበር፤ «ተሰሪ» ይባላል። ያለፈቃድ የገባ እንግዳ ነው። ገበሬው ያበላዋል፣ ያጠጣዋል፣ በቅሎውን ይቀልባል። ለባለሥልጣንና ለንጉሥ እንግዳ ደግሞ ድርጎ ይቀርባል፤ ጎታው የሚጎድለው ያው የገበሬው ነው። የእስቴ ጎረቤት በሆነችው በደብረ ታቦር ከትመው የነበሩት አፄ ቴዎድሮስ ለወታደራቸው ደመወዝ ሰጥተው ገበሬውን ከዚህ ዕዳ ሊያሳርፉት ሞክረው ነበር፤ አልዘለቀላቸውም። አፄ ምኒልክም እ.ኤ.አ. በ1892 ዐሥራት የጣሉት አንዱ ምክንያት ወታደሩ ከገበሬው ቤት ወጥቶ ከመንግሥት ጎተራ እንዲቀለብ ነው። ነገሥታቱ ራሳቸው መስተንግዶው ገበሬውን እየበላው እንደሆነ ካወቁ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል ማለት ነው። እኛ ዛሬ ያንን ዕዳ ፍቅር ብቻ እንደነበረ አድርገን እንዘፍነዋለን።

የዘመኑ ተሰሪ ጠመንጃ አልያዘም፤ ቦርሳ ይዟል። ከዞን፣ ከክልል ወይም ከአዲስ አበባ ለጥናት፣ ለሥልጠና፣ ለቁጥጥር ወደ ገጠር የሚወጣ ባለሙያ የውሎ አበል ይቆረጥለታል። አበሉ ለምንድነው? ለማደሪያና ለምግብ ነው። መንደሩ ውስጥ ሆቴል የለምና ባለሙያው ገበሬ ቤት ያድራል፤ የገበሬውን ይበላል፤ አልጋውንም ይወርሳል። ሲመለስ አበሉን በሕጉ መሠረት ያወራርዳል። ገንዘቡ የት ቀረ? ሁሉም እንዲህ ናቸው አልልም። ስኳርና ቡና ይዘው የሚሄዱ፣ ሲወጡም በልጆቹ እጅ ብር የሚያስይዙ ጨዋ ሰዎች አሉ፤ አውቃቸዋለሁ። ነገር ግን ጨዋነቱ በግለሰቡ ሆድ ውስጥ እንዲቀር ያደረገው ማነው? መሥሪያ ቤቱ የሆቴል ደረሰኝ ያውቃል፤ የገበሬ ሚስት ደረሰኝ አያውቅም። ይህም ሰው «የእግዜር እንግዳ» ተብሎ ይሸኛል። እግዜር የውሎ አበል ሲቆርጥ ግን አልሰማንም።

እዚህ ላይ «የእግዜር እንግዳ» የሚለውን ቃል በትክክል መያዝ ያስፈልጋል። በአገራችን ወግ የእግዜር እንግዳ የመሸበት ሰው ነው። በር ላይ ቆሞ «ቤቶች! ቤቶች!» ብሎ የሚጣራ፣ ከዚያ ቤት ቢመለስ ጅብ የሚበላው፣ ብርድ የሚገድለው ሰው ነው። «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ይግቡ» የሚለው መልስም ለእሱ የተሠራ ነው። ከዓባይ ማዶ ከሞጣ ወገን ተሻግሮ ወደ እስቴ ገበያ የሚመጣው ነጋዴ የእግዜር እንግዳ ነው። በአፄ ፋሲለደስ ዘመን ተሠርቶ በጣሊያን ወረራ ጊዜ የተቆረጠውና «ሰባራ ድልድይ» የሚል ስም የወጣለት ድልድይ፣ ስንቱን መንገደኛ በሰዎች በሚጎተት ገመድ እየተንጠለጠለ እንዲሻገር አድርጎታል። እንዲህ ተሻግሮ የመሸበትን ሰው ዋጋ መጠየቅ ነውር ነው፤ ነውርም ሆኖ ይቅር።

ደግሞም የዚያ ነጋዴና የገበሬው ነገር ነፃ ስጦታ ብቻ አይደለም። «ብድር በምድር» ይባላል። ዛሬ እስቴ ላይ ያደረው የጎጃም ሰው ነገ የእስቴው ሰው ዓባይን ሲሻገር ያሳድረዋል። ባላገሩ ሒሳብ የማያውቅ የዋህ አይደለም፤ ደቦውን፣ ዕቁቡን፣ የማኅበሩን ተራ ማን እንዳወጣና ማን እንደቀረበት ከነወሩ ያውቃል። መስተንግዶውም በዚያው ክር የተሰፋ ነው። ክሩን የበጠስነው እኛ ከተሜዎች ነን። ያ ገበሬ የታመመ ልጁን ይዞ አዲስ አበባ ቢመጣ የት ያድራል? እሱ ጋ ሦስት ቀን የከረመው ባለሙያ በር ላይ ቆሞ «ቤቶች!» ቢል ዘበኛው ያስገባዋል? አውቶቡስ ተራ አካባቢ አልጋ ተከራይቶ፣ ከፍሎ ነው የሚያድረው፤ ብሩ ሲያልቅ ደግሞ ሆስፒታል በር ላይ ጋቢውን ተከናንቦ። እንግዲህ እሱ እኛ ዘንድ የሚከፍል ከሆነ፣ እኛ እሱ ዘንድ የማንከፍልበት ምክንያት ምንድነው?

ሌላም የእግዜር እንግዳ አለ፤ የቆሎ ተማሪ። ጋይንት የሊቃውንት አገር ነው ስንል ቤተ ልሔምን በድጓ፣ ዙር አባን በዝማሬ መዋሥዕት እንጠራለን። የመምህራኑን ስም በክብር እናነሣለን፤ ማንሣትም ይገባናል። ነገር ግን እነዚያን ትምህርት ቤቶች በዘመናት ሁሉ ማን ቀለባቸው? ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚለውን ልጅ ቁራሽ ያልነፈጉት የመንደር እናቶች ናቸው። እንግሊዛዊው ቶማስ ፓከንሃም እ.ኤ.አ. በ1955 የቤተ ልሔምን ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አይቶ በ1959 በመጽሐፉ ሲያስነብብ ለውጭው ዓለም ትልቅ ግኝት ሆነ። ለጋይንት እናቶች ግን ቤተ ልሔም ሌማታቸውን አዘውትራ የምታውቅ ጎረቤታቸው ነበረች። ይህን መስተንግዶ ማንም በዋጋ አይተምነውም፤ እኔም ይተመን አላልኩም። የምለው ሌማቱ አንድ ነው ነው። ባለ አበሉ የበላው እንጀራ ለቆሎ ተማሪው አይተርፍም።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ እንምጣ። «ገንዘብ ከገባ ፍቅር ይወጣል፤ ልጆች ፈረንጅ ባዩ ቁጥር እጃቸውን ይዘረጋሉ፤ ጎረቤት ከጎረቤት ይቀናናል» ይባላል። ስጋቱ ባዶ አይደለም። ግን ልጅን ልመና የሚያስተምረው ክፍያ ሳይሆን ምጽዋት ነው፤ መንገደኛው ደስ ሲለው የሚወረውረው፣ ሲከፋው የሚነፍገው ብር ነው። ተራና ደንብ ያለው ክፍያ ሌላ ነገር ነው። ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ባሕር መሻገር አያስፈልግም፤ ከላይ ጋይንት ወደ ምሥራቅ ድንበር ተሻግሮ መቄትን ማየት ይበቃል። እዚያ ከ1996 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ «ተስፋ» በተባለው የማኅበረሰብ ቱሪዝም ሥራ መንደርተኛው በመቋት ማርያም፣ በዋጀላና በሌሎችም ቦታዎች በገደሉ አፋፍ የእንግዳ ጎጆዎች ሠራ። እንግዳው በእግሩ ከመንደር መንደር ይሄዳል፤ ጓዙን የመንደሩ አህያ ይጭናል፤ ምግቡን የመንደሩ ሰው ያበስላል፤ ሒሳቡን የመረጡት ኮሚቴ ይይዛል። የማንም አልጋ አልተወረሰም። ፈገግታቸውም አልጠፋም።

በዚያው በደቡብ ጎንደር፣ ፎገራ ወረዳ ውስጥ፣ በ1964 ዓ.ም. በዙምራ ኑሩ መሪነት የተመሠረተው አውራ አምባ አለ። ወንዱ የሚጋግርበት፣ ሴቷ የምታርስበት ማኅበር በመሆኑ ስሙ ሩቅ ደርሷል። እነሱም ለጎብኚ ማረፊያ ቤት ሠርተው፣ አስጎብኚ መድበው፣ አስከፍለው ነው የሚቀበሉት። እንግዳው ድካሙን ማን እንደደከመለት እያየ ይከፍላል። ይህን ያየ ሰው አውራ አምባን «እንግዳ ጠል» ሲል አልሰማሁም።

ባሕር ማዶም እንይ ከተባለ ማሌዥያ አለች። የማላይ ዓሣ አጥማጅና ገበሬ እንግዳ ማክበር እንደኛው የሃይማኖትና የአያት ወግ ነው። መንግሥታቸው እ.ኤ.አ. በ1995 በፓሃንግ ግዛት በተመርሎህ አካባቢ በምትገኘው በደሳ ሙርኒ፣ እንግዳ በቤተሰብ ዘንድ እየከፈለ የሚያድርበትን ፕሮግራም ሲጀምር ወጉን አልሻረም፤ ደንብ አበጀለት። ቤተሰቡ ይመዘገባል፤ ለእንግዳው የሚሆን ትርፍ ክፍልና ንጹሕ መጸዳጃ እንዳለው ይታያል። እንግዳው ከቤተሰቡ ጋር ይበላል፤ ከእነሱ ጋር ይውላል። ከዚያ ወዲህ አሠራሩ በባሕር ዳር መንደሮችም ጭምር ተስፋፍቷል። የደንቡን ትርጉም ልብ እንበል። ትርፍ ክፍል የሌለው ቤት እንግዳ እንዲቀበል አይገደድም ማለት ነው። የእኛ ባህል ግን፣ ይበልጡንም የእኛ አድናቆት፣ አንድ አልጋ ያለውን ሰው «አልጋህን ልቀቅና ጨዋ ተባል» ይለዋል።

«ባላገሩ ራሱ ብር አይቀበልም፤ ይሰደባል» የሚለው ተቃውሞ ከሁሉ የጠነከረው ነው፤ የእስቴው አባወራም ያሉት ይኸው ነው። ግን ነውሩ ያለው በተናጠል በመቀበሉ ላይ ነው። አንዱ ብቻ ሲቀበል ስሙ ይጠፋል፤ መንደሩ ተስማምቶ፣ እድሩ ወይም ማኅበሩ ተራ አውጥቶ፣ ዋጋው ለሁሉ አንድ ሆኖ ሲታወቅ ግን ነውሩ ይነሣል። መቄት ያሳየን ይህንን ነው። ደግሞም ነውር የሚለወጥ ነገር ነው። እህል ሸጦ መብላት ነውር የነበረበት ቤት ዛሬ ገበያ ይወጣል።

ይህን ስጽፍ ስለ ጎብኚ ማውራት ቅንጦት የሚመስልበት ጊዜ መሆኑን አልዘነጋሁም። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ጦርነቱ ጋይንት ድረስ ዘልቆ ብዙ ሰው ከቀዬው ነቅሏል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮም በክልሉ የተነሣው ውጊያ መንገዱን አስፈሪ፣ እንግዳውን ብርቅ አድርጎታል። ለእኔ ግን ይህ ዘመን ክርክሬን አያፈርሰውም፤ ያጠነክረዋል እንጂ። ሰው ሲፈናቀል ከእርዳታው እህል ቀድሞ የሚደርስለት የሰው ቤት ነው። ያንን ቤት ከነሌማቱ ሙሉ አድርጎ ማቆየት የአገር ጉዳይ ነው። ሰላም በነበረ ጊዜ በነፃ የበላነው እንጀራ፣ በክፉ ቀን የመጣው ተፈናቃይ ያጣው ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ሠራተኛውን ወደ ገጠር የሚልክ መሥሪያ ቤት ከአበሉ ላይ የማደሪያውን ከፍሎ ለአሳደረው ቤት ያድርስ፤ እመቤቲቱ በጣቷ የፈረመችበትን ወረቀት እንደ ሆቴል ደረሰኝ ይቀበል። ለምርምር፣ ለፊልም፣ ለግጥም ሰበሳ የምንሄድ ሰዎች ከመንገዳችን በፊት የማደሪያውን ወጪ ከካሜራውና ከነዳጁ እኩል እንያዘው። መንደሮችም ዋጋውን ራሳቸው ይወስኑ፤ የመሸበትን፣ የቆሎ ተማሪውንና የተፈናቀለውን በፊት እንደነበረው በነፃ ያሳድሩ። እንዲህ ከተለየ በኋላ «የእግዜር እንግዳ» የሚለው ስም ለባለቤቱ ይመለሳል።

ይህ ሁሉ አልተዋጠልኝም የሚል አንባቢ ካለ አንድ ጥያቄ ብቻ ይመልስልኝ። ባለፈው ገጠር ወጥተው ባደሩበት ቤት ያበሰለችልዎ፣ ውሃ የቀዳችልዎ፣ መኝታዋን የለቀቀችልዎ ሴት ስሟ ማን ነበር?